ለአዲጋላ የተሸከፈ ሻንጣ

አሰገደች የጅጅጋን መንገደኛ ሁሉ ታለብሳለች እንጂ እሷ ለደስታ የትም ሄዳ አታውቅም ነበር። ለሐጅ የሚነሱ ሴቶች ሰፊ ቀሚስ ያሰፉባታል። ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ የሚላኩ ልጃገረዶች ጉርድ ያስቆርጧታል። እሷ ራሷ ከከተማ የምትወጣው ሰው ሲሞት ብቻ ነበር። ሐረር የባሏ አክስት ሲያርፉ፣ ድሬዳዋ ታላቅ ወንድሟ ሲሞት። ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ሻሽ፣ በፌስታል የተጠቀለለ አንድ ቅያሪ፤ ጉዞዋ ይኸው ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ጥር ላይ የልጅነት ጓደኛዋ ናስትሆ ከአዲጋላ ደወለች።

«ወላል፣ ልጄን ኢልሃንን ልድራት ነው። የረመዳን ጾም ሳይገባ። መጥተሽ አብረን እንድራታለን።»

«ወላል» በሶማሊኛ እህትም ወንድምም ነው። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚጠራሩት እንደዚያ ነበር። የአሰገደች አባት የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ ስለነበሩ ያደገችው አዲጋላ፣ ጣቢያው አጠገብ ነው። የናስትሆ እናት ደግሞ ለመንገደኛ ወተት ይሸጡ ነበር። ልጆቹ አማርኛና ሶማሊኛ እየደባለቁ፣ አንዷ ቤት ምሳ ሌላዋ ቤት እራት እየበሉ አደጉ። ከዚያ አሰገደች ተክለማርያምን አግብታ ጅጅጋ ገባች። ለመጨረሻ ጊዜ የተያዩት ተክለማርያም ሲሞት፣ ናስትሆ ለለቅሶ መጥታ ነው። በ2010 ክረምት በከተማው ረብሻ ተነስቶ የአሰገደች የልብስ ስፌት ሱቅ ከነመኪናው ሲቃጠል፣ ናስትሆ የራሷን የልብስ ስፌት መኪና በጭነት መኪና ላከችላት። «እኔ ዓይኔ ደክሟል፣ ክር ማስገባት አልችልም» ብላ ነው የላከችው። ዓይኗ ደህና እንደነበር አሰገደች በኋላ ሰማች።

«እመጣለሁ» አለች አሰገደች።

«እንደ መነኩሴ ለብሰሽ እንዳትመጪ! ሠርግ ነው። አምረሽ ነይ።»

ያን ሳምንት አሰገደች የደንበኛ ሥራ አልተቀበለችም። ሌላውን ለመንገድ ስታለብስ ኖራለችና ምን እንደሚያስፈልግ ታውቃለች። ጅጅጋ በጥር ጠዋት ይበርዳል፣ ነፋሱ አጥንት ይገባል፤ ከድሬዳዋ በታች ያለው አዲጋላ ደግሞ ሙቀት ነው። ስለዚህ ወፍራም ነገር አልያዘችም። የሚደራረብና የሚወልቅ መረጠች። ላብ የሚመጥ ስስ ጥጥ ቀሚስ፣ ከሥሩ ለመኪና መውጫ መውረጃ የሚመች ሱሪ፣ ከላይ አንድ ሹራብ። ነጠላዋ መንገድ ላይ ብርድ መከላከያ፣ ማታ አንሶላ ይሆናል። ጫማው እግር የሚያሳርፍ ዝርግ፤ ግን ቡናማ ቆዳ፣ ለሠርግም የማያሳፍር። ቀለሞቹን ሁሉ እርስ በርስ እንዲሄዱ አድርጋ ስለመረጠች ትንሽ ልብስ ብዙ መሰለ። ብቻዋን ስለምትሄድም በቀሚሱ ጎን፣ ስፌቱ ውስጥ፣ ለስልኳና ለመታወቂያዋ የማይታይ ኪስ ሠራች።

ለሠርጉ ቀን የሰፋችው ግን ሌላ ነበር። ከአንድ ጣቃ ሰማያዊ ጨርቅ ሁለት አንድ ዓይነት ቀሚሶች ቆረጠች፤ አንዱ ለራሷ፣ አንዱ ለናስትሆ። ልጆች ሳሉ ለበዓል የአሰገደች እናት እንደዚያ ያለብሷቸው ነበር። የናስትሆን ልክ በስልክ ጠይቃ፣ «ወፍሬያለሁ፣ አስፊው» ስላለቻት አስፍታ ሰፋችው።

በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሆነችው ልጇ ሙና ሻንጣው ሲዘጋ አጠገቧ ቆማ ነበር።

«እማዬ፣ አንድ ጥቁር ነገር አትይዥም? ድንገት ምናልባት…»

«አታሟርቺ!» አለቻት አሰገደች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ጥቁር ይዤ ነው የሄድኩት። አንድ ጊዜ ይቅርብኝ።»

ሙና ሻንጣውን ዘጋችላት። መነኸሪያ ድረስም በባጃጅ ሸኘቻት። እናቷ ሹራቧን በትከሻዋ ጣል አድርጋ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ በሚኒባሱ መስኮት በኩል እየሳቀች ስትሰናበታት ፎቶ አነሳቻት። አሰገደች በዚያ ፎቶ ላይ ወጣት ትመስላለች።

ባቢሌ ሚኒባሱ ሲቆም ኦቾሎኒ ሻጮች መስኮቱን ከበቡ። አሰገደች ለናስትሆ ልትገዛ እጇን ስታወጣ ስልኳ ጠራ። የናስትሆ ታናሽ እህት ባቱሎ ነበረች።

«አሰገደች፣ የት ደርሰሻል?»

«ባቢሌ። እየመጣሁልሽ ነው! ናስትሆ የታለች?»

«ማታ ራሴን አመመኝ ብላ ተኛች። ለሱብሂ ሶላት ጎህ ሲቀድ ስንቀሰቅሳት… አልነሳችም። ወደ አላህ ሄደች።»

አሰገደች ያኔ ምን እንዳለች አታስታውስም። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ውኃ እንደሰጠቻትና ሚኒባሱ ተነስቶ እንደሄደ ብቻ ታስታውሳለች። ባቱሎ ፀሐይ ሳይበረታ እንደሚቀብሯት ነግራታለች። እንደማትደርስ ገባት። ቢሆንም አልተመለሰችም።

ድሬዳዋ ወርዳ ወደ አዲጋላ የሚሄደው መኪና እስኪሞላ ስትጠብቅ ጥቁር ሻሽ ፍለጋ ሁለት ሱቅ ገባች። በሁለተኛው ሱቅ ባለሱቁ አንድ ዘርግቶ ሲያሳያት ጨርቁን በጣቷ ዳሰሰችው፤ እንባዋ መጣ፤ ሳትገዛ ወጣች። ለምን እንዳልገዛች ስትጠየቅ ዛሬም በቅጡ መናገር አይሆንላትም። «ከገዛሁት እውነት ይሆናል ብዬ ይሆናል» ትላለች።

አዲጋላ ስትደርስ ቀብሩ አብቅቷል። ከናስትሆ ቤት ፊት ለፊት ለሠርጉ የተተከለው ዳስ እንዳለ ቆሟል፤ ሥሩ ወንዶች ተቀምጠው ቁርዓን ይቀራሉ። አሰገደች በመንገድ ልብሷ፣ ሻንጣዋን እየጎተተች፣ በሩ ላይ ቆመች። መግባት አፈረች። በእሷ ወገን ወግ በዚህ ልብስ ለቅሶ ቤት አይገባም።

ባቱሎ ወጥታ አቀፈቻት።

«ባቱሎዬ፣ ጥቁር እንኳን አልያዝኩም። ለሠርግ ብዬ…»

«እኛ ጋ ሐዘን በቀለም አይደለም። ግቢ። ስትጠብቅሽ ነው የሰነበተችው።»

ሴቶቹ ሰፊ የቤት ቀሚሳቸውን፣ አረንጓዴውንም ብርቱካንማውንም፣ እንደለበሱ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጧት። ኢልሃን ጥግ ላይ ነበረች። እጆቿ ላይ የሙሽራ ሒና፣ ፊቷ በልቅሶ አብጧል። አሰገደችን ስታይ ተነስታ ጭኗ ላይ ተደፋች። ያኔ ነው አሰገደች ጮክ ብላ ያለቀሰችው።

የሙሽራው ወገኖች ሠርጉ ይቆይ አሉ። የኢልሃን አባት ግን ናስትሆ የቆረጠችውን ቀን እንደማያፈርሱ ተናገሩ። ዘፈን እንዳይኖር፣ የጋብቻው ቃል ኪዳን፣ ኒካሑ፣ ብቻ እንዲታሰር ተስማሙ። አሰገደችም እስከዚያ ቀን እዚያው ሰነበተች። ዕቃ ታጥባለች፣ ለእንግዳ ሻይ ትቀዳለች፣ ማታ ነጠላዋን ተከናንባ ከኢልሃን ጎን ትተኛለች። ሻንጣውን ግን ሙሉ በሙሉ አልከፈተችውም። ሁለቱ ሰማያዊ ቀሚሶች ከታች ነበሩ።

ከኒካሑ በፊት በነበረው ቀን ኢልሃን ራሷ መጣች።

«አክስቴ፣ እናቴ፣ አሰገደች ቀሚስ ሰፍታልኛለች እያለች ለሰው ሁሉ ታወራ ነበር። የታለ?»

አሰገደች አውጥታ ሰጠቻት። ልጅቷ ፊቷን ጨርቁ ውስጥ ቀብራ ቆየች።

«ነገ ይህንን እለብሳለሁ» አለች።

«ልጄ፣ ይሰፋሻል። የአንቺ ነጭ አለ አይደል?»

«ነጩ ይቅር። አጥብቢልኝ።»

አሰገደች ግድግዳ ተደግፋ በእጅ መርፌ ወገቡን ማጥበብ ጀመረች። ለናስትሆ ብላ ያሰፋችውን ስፌት ፈታ ለልጇ መልሳ ሰፋች። ሕይወቷን ሙሉ ብዙ ልብስ አጥብባለች፤ እንደዚያ የከበዳት ግን የለም። ብዙ ጊዜ እየቆመች መነጽሯን ትጠርግ ነበር።

በማግሥቱ ኢልሃን በእናቷ ቀሚስ ተዳረች። አሰገደችም የራሷን ለበሰች። እልል ያለ ሰው አልነበረም። ሙሽራው ሲወስዳት ባቱሎና አሰገደች እጅ ለእጅ ተያይዘው በር ላይ ቆሙ፤ መኪናው ሲጠፋ ባቱሎ «ነይ» ብላ ከአሮጌው ሐዲድ ማዶ ወዳለው መቃብር ወሰደቻት። መቃብሩ አዲስ አፈርና ድንጋይ ነው። አሰገደች ብዙ ልትናገር አስባ ነበር። «ዘገየሁብሽ» ብቻ አለች።

አሁን ኢልሃን የምትኖረው ከባሏ ጋር ድሬዳዋ ነው፤ ወንድ ልጅ ወልዳለች። አንዳንዴ ለአሰገደች ትደውላለች። ከእናቷ ጋር እንደነበረው ግን ወሬው አይፈስም፤ ስለ ልጁ ጤና፣ ስለ ዝናቡ ይጠያየቁና ይሰነባበታሉ። አሰገደች ስልኩን ከዘጋች በኋላም ጥቂት ጊዜ በእጇ ይዛ ትቆያለች።