በበሩ ላይ የቆመችው

የተወደዳችሁ ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ዛሬ ወደዚህ መድረክ የወጣሁት ከዓመታት በፊት እዚሁ ቆሜ የሰጠሁትን ምስክርነት ለማረም ነው። ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ምናልባትም ከእኔ ይልቅ እናንተ አሳምራችሁ ታስታውሱት ይሆናል። እግዚአብሔር ያደረገልኝን ልናገር እወዳለሁ። በዚህ ጊዜ ግን የማውቀውን አውቃለሁ፣ የማላውቀውንም አላውቅም እያልኩ ስለምናገር በትዕግሥት አድምጡኝ። ስሙ ይባረክ!

የተወለድኩት ከዚህ ከአርባ ምንጭ በላይ፣ ተራራው ላይ፣ ኦቾሎ ነው። አባቴ ሸማኔ ነበር፤ እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ በቀሰም ላይ ማግ አጠነጥንለት ነበር። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነኝ፣ ዐሥርም ሊሆን ይችላል፣ ለሠርግ የታዘዘ ጋቢ ድር አበላሸሁበት። ክረምት ስለነበር የሽመና ዕቃው ቤት ውስጥ ነበር። አባቴ ከዕቃው መካከል ባነሣው እንጨት መታኝ፤ ግራ ክንዴ ተሰበረ። በዚህ ላይ ጥርጣሬ የለኝም። ክንዴ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም፤ ከፊት የተቀመጣችሁ ታዩታላችሁ። ከዚያም ቀን በኋላ መምታቱን አላቆመም።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የውኃ ምህንድስና ተማርኩ፤ ጌታንም ያገኘሁት በተማሪዎች ኅብረት ውስጥ ነው። ክብር ለእርሱ ይሁን! በሁለተኛ ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መሰከርኩ፤ ተማሪው ሁሉ አለቀሰ። ወዲያው ሌላ ኅብረት ጠራኝ፣ ቀጥሎ አንድ አጥቢያ፣ በመጨረሻም እናንተ። በተናገርኩ ቁጥር ምስክርነቱ እየተቃና ሄደ። ሰው በሚያለቅስበት ቦታ ጥቂት መቆየትን ተማርኩ። ያ ቦታ ደግሞ ስለ አባቴ የምናገርበት አልነበረም፤ ስለ እናቴ የምናገርበት ነበር። «እኔ መሬት ላይ ወድቄ ሳለቅስ እናቴ በበሩ ላይ ቆማ አየችኝ። አይታም ፊቷን አዞረችብኝ። የሰማዩ አባቴ ግን ፊቱን አላዞረብኝም!» እል ነበር። ጉባኤው በእልልታ ይናወጥ ነበር።

ወገኖቼ፣ አልዋሸሁም። የምናገረውን ነገር በዓይኔ ፊት አየው ነበር። ነገር ግን አንድን ታሪክ ደጋግሞ የተናገረ ሰው የሚያስታውሰው የሆነውን ይሁን ወይስ ባለፈው ሳምንት የተናገረውን፣ እንዴት አድርጎ ይለያል? ያኔ ይህን ጥያቄ ራሴን ጠይቄው አላውቅም።

አንድ ወንድም በስልኩ ቀረጸኝ። ቅጂው ከስልክ ወደ ስልክ ተላልፎ አቀበቱን ወጥቶ ኦቾሎ ደረሰ። እናቴ በማንጎ ወቅት ወደ አርባ ምንጭ የመውረድ ልማድ ነበራት፤ ከዚያ ዓመት ጀምሮ ቀረች። ስደውልላት «እግሬን አሞኛል» ትለኛለች። አባቴ ከሞተ በኋላም አልወረደችም። እኔም አልወጣሁም። ልጄ ሶስና አራት ዓመት እስኪሞላት አያቷን አላየችም።

ቁስሉ የወጣው በራሴ ቤት ነው። ሰው በር ላይ ሲቆም መታገሥ አልችልም ነበር። ባለቤቴ ትዕግሥት ደጃፉ ላይ ቆማ «ምሳ ቀርቧል» ስትለኝ ደረቴ ይጨመቃል። «ወይ ግቢ፣ ወይ ውጪ!» ብዬ እጮህባታለሁ፤ ከዚያ ለቀናት አላናግራትም። ምክንያቱን እኔም አላውቀውም ነበር። እርሷ ለጎረቤቶቻችን «የእኛ ቤት በር ላይ መቆም ክልክል ነው፤ ትራፊኩ አይምርም» እያለች በቀልድ ታልፈው ነበር።

አንድ ቅዳሜ የጎረቤት ልጅ ከሶስና ጋር ልትጫወት መጥታ በደፉ ላይ ቆማ ጫማዋን ታወልቅ ጀመር። ሶስና እጇን ጎተተቻት።

«እዚህ አይቆምም! ዝለዪ! አባዬ ይጮሃል።»

«እንዴት ነው የሚዘለለው?»

«እንዲህ ነዋ!» አለችና ሁለት እግሯን ገጥማ ደፉን ዘለለችው። ልጄ የማንንም ቤት በር፣ የዚህን ቤተ ክርስቲያን በር ጭምር፣ እንደዚያ እየዘለለች እንደምትገባ ያን ቀን ገባኝ። ስታደርገው ሁልጊዜ እመለከታት ነበር።

ትዕግሥት ከኋላዬ ነበረች። «ጨዋታ መስሎህ ነበር?» አለችኝ። «እኔ ችዬዋለሁ። እርሷ ግን ይህን ተምራ አታድግም። ወይ ሲስተር ብርሃኔ ጋ ትሄዳለህ፣ ወይ እኔና ልጄ ገረሴ እናቴ ቤት እንሄዳለን።» አልጮኸችም። ባለመጮኋ ይበልጥ ፈራሁ።

ሲስተር ብርሃኔን ታውቋቸዋላችሁ፤ በነርስነት ኖረው በጡረታ የወጡ፣ የምክር አገልግሎት ሠልጥነው በየሐሙሱ ከመዘምራን ልብስ ማስቀመጫ ጎን ባለችው ክፍል ሰው የሚቀበሉ እናታችን ናቸው። ከዚያ በፊት በቅንነት «ወንድሜ፣ ይቅር በልና ጨርስ» ያሉኝ ሌሎች ወገኖች ነበሩ። በጉልበቴ ተንበርክኬ ሦስት ጊዜ ይቅር ብያለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሳምንት ሳይሞላ ጮኼአለሁ። ስለዚህ እንደገባሁ «ሲስተር፣ ይጸልዩልኝና ልሂድ» አልኳቸው።

«እንጸልያለን። ይቅር በል ብዬ ግን አላስቸኩልህም። መጀመሪያ የሆነውን ንገረኝ» አሉ።

ጀመርኩ። ሁለት ዐረፍተ ነገር እንደ ተናገርኩ እጃቸውን አነሡ።

«ወንድሜ፣ እዚህ ማይክ የለም።»

«አቤት?»

«ድምፅህ ተለወጠ። ይሄ የመድረክ ድምፅህ ነው፤ ትንሽ ቆይተህ አሜን በሉ ልትለኝ ነው። ለእኔ ብቻ ንገረኝ።»

ሣቅሁ፤ ከዚያ አቃተኝ። ያለ መድረኩ ድምፅ ታሪኬ ሦስት ዐረፍተ ነገር ሆኖ ቀረ፤ አራተኛውን ልጀምር ስል እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እርሳቸው ውኃ ቀዱልኝ። ጌታ ይባረክ!

ለብዙ ሐሙሶች ተመላለስኩ። ደረቴ ሲጨመቅ እግሮቼ ወለሉን መንካታቸውን እንዳስተውል፣ ቀስ ብዬ እንድተነፍስ፣ ለትዕግሥትም ከመጮህ ይልቅ «መጣብኝ» እንድላት አስተማሩኝ። ትንሽ ነገር ይመስላል። ቤቴን ያተረፈልኝ ግን ይህ ትንሽ ነገር ነው።

አንድ ሐሙስ ወረቀትና እርሳስ ሰጡኝ። «መሐንዲስ አይደለህ? እስኪ ያን ቤት ሣለው።» ሣልኩት፦ ክቡን የቀርከሃ ቤት፣ አንዱን ዝቅተኛ በር፣ በስተቀኝ የሽመና ዕቃውን። የወደቅሁበትን ቤቱ ውስጥ በነጥብ፣ እናቴ የቆመችበትን በመስቀል ምልክት አደረግሁ።

«ከዚህ ነጥብ ሆነህ ስታያት ፊቷ ምን ይመስል ነበር?» አሉኝ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። «ፊቷ አይታየኝም። ጀርባዋ ነው የሚታየኝ። ሁለት እጆቿ የበሩን ግራና ቀኝ ይዘዋል። የነጠላዋ ጥለት ይታየኛል፤ ቀይ ነው።»

«አንተስ? ተኝተህ የነካህ ነገር ምን ነበር?»

«ቅጠል። ጉንጬ ሥር እርጥብ የእንሰት ቅጠል ነበር።» ይህን እንዳልኩ ወረቀቱን እንደገና አየሁት። እንሰት ቤት ውስጥ አይበቅልም፤ የእኛ ከደጅ ፊት ለፊት ነበር። እንግዲያውስ እናቴን ያየኋት ከውጭ ሆኜ ነው። ከውጭ ሆኜ ጀርባዋን ካየሁ ደግሞ ፊቷ ወደ ውስጥ ነበር። ውስጥ የቀረው አባቴ ብቻ ነው።

እርሳሱን ጥዬ ተነሣሁ። ሲስተር ግን «ተው፣ አትቸኩል» አሉኝ። «እኔ አልነበርኩም፤ ሥዕልህም አልነበረም። የነበረች ሰው በሕይወት አለች። ሄደህ ጠይቃት። እንደ ዳኛ ግን አትሂድ።» ከዚያ ጸለዩልኝ፤ አጭር ጸሎት ነበር።

መኪና እስከሚደርስበት ሄጄ የቀረውን አቀበት ማንጎ ተሸክሜ በእግሬ ወጣሁ። እናቴ ደጅ ላይ እንሰት ስትፍቅ አገኘኋት። ቀና ብላ አየችኝና በጋሞኛ «ማንጎውን ማንም ያመጣዋል፤ አንተን ማን አመጣህ?» አለችኝ። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ።

«እማዬ፣ ያን ቀን በሩ ላይ ነበርሽ?»

የትኛው ቀን ብላ አልጠየቀችኝም። እጇን ጠራረገች። «በስልክ ሰማሁህ» አለችኝ። «ጎረቤቴ እየተረጎመች አሰማችኝ። ድምፅህ ያምራል። ለዚያ ልጅ አዝኜ አለቀስኩ። በኋላ እናቱ እኔ መሆኔ ትዝ አለኝ።»

ወገኖቼ፣ በብዙ መድረክ ቆሜአለሁ፤ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ጊዜ ግን የለም።

«አባትህ መምታት ሲጀምርህ ከተቀመጥኩበት አልተነሣሁም» ብላ ቀጠለች። «ፈራሁ። እኔንም ይመታኝ ነበር። ክንድህ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁ፤ ያኔ ተነሥቼ ወደ ውጭ ገፋሁህ። ሊከተልህ ሲል በሩን ያዝኩበት።» ሁለት እጆቿን ዘርግታ አሳየችኝ። «ስታለቅስ እሰማሃለሁ። ወደ አንተ ዞር ብል ያልፈኝ ነበር።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ለመጀመሪያዎቹ ዱላዎች አልደረስኩልህማ። ልጄ ያስታወሰው ይበቃኛል ብዬ ተውኩት።» ከዚያ «ስለ እነዚያ ይቅር በለኝ» አለችኝ። እኔም ስለ ምስክርነቱ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ እግሯ ላይ ወድቄ ስናለቅስ ቆየን። በመጨረሻ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ «በል ተነሣ፤ ሰው ካየን ደግሞ በስልክ ይቀርጸናል» አለችኝ። እያለቀስን ሣቅን። ሃሌ ሉያ!

አሁን የማላውቀውን ልንገራችሁ። ወደ ውጭ የገፋኝ እጇ አንዳንድ ጊዜ ጀርባዬ ላይ ይሰማኛል፤ ያን ቀን የተሰማኝ ይሁን ወይስ እርሷ ከነገረችኝ በኋላ የመጣ፣ መለየት አልችልም። ይህን ለሲስተር ስነግራቸው «ሳታውቀው መኖር ትችላለህ?» ብለው ጠየቁኝ። እንደምችል ተረድቻለሁ፤ ጌታ በማስታውሰው ላይ ብቻ ጌታ አይደለምና። ስለ አባቴ ደግሞ ገና በመንገድ ላይ ነኝ። ያደረገው በደል ነበር፤ በደል መሆኑን እየተናገርኩ ከልቤ ይቅር ለማለት እየተማርኩ ነው። ለዚህኛው ገና እልል አትበሉ።

እናቴ በዚህ የማንጎ ወቅት ወረደች። እቤታችን ስንደርስ እኔ ዕቃዋን ይዤ ቀድሜ ገባሁ፤ እርሷ ጉልበቷ ስለሚያማት ጫማዋን ልታወልቅ በሩ ላይ ቆመች። ሶስና እየሮጠች መጣች።

«አያዬ፣ እዚያ አይቆምም! ዝለዪ!»

«በዚህ ጉልበቴ?» አለች እናቴ፤ ወደ እኔም አየች። ትዕግሥትም አየችኝ። ደረቴ ተጨመቀ፤ አልዋሻችሁም፣ መጣብኝ። እግሮቼ ወለሉ ላይ ነበሩ። ተነፈስኩ።

«ትቁም» አልኩ። «ደስ እስኪላት ድረስ ትቁም።»

እንዳትወድቅ ሁለት እጆቿን ዘርግታ የበሩን ግራና ቀኝ ያዘች። በዚህ ጊዜ እኔ ውስጥ ነበርኩ፤ ፊቷን አየሁት።

ምስጋና ለጌታ ይሁን! እናቴ ዛሬ እዚህ መካከላችን ናት፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ አጠገቧ ትዕግሥት። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ቤትህ ውስጥ ልጅህ የምትዘልለው ነገር ካለ፣ ወይም ተናግረሽው ያልወጣልሽ ነገር ካለ፣ ሐሙስ ወደዚያች ክፍል ኑ። የተጣራ ታሪክ ይዛችሁ አትምጡ፤ ጌታ የተምታታውንም ይሰማል፣ ያለ ማይክም ይሰማል። እመኑት።

ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ስንገባ ሶስና በሩ ላይ ቆማ፣ ሰው ከኋላዋ እየጠበቀ፣ የጫማዋን ክር ቀስ ብላ አሰረች። ስሙ ለዘላለም ይባረክ።