የሰኔ ተራ

ኅዳር ሲገባ ፍኖተ ሰላም በርበሬ በርበሬ ትሸታለች። ከማስተምርበት ክፍል ጀርባ ያሉ ሰዎች ቀዩን በርበሬ ሸራ ላይ ያሰጡታል። ፀሐዩ ሲበረታ ሽታው በመስኮት ይገባና ተማሪዎቼ እየተከታተሉ ያስነጥሳሉ። እነሱ ይስቃሉ። እኔ ግን ጠመኔዬን እንደያዝኩ ቡሬ ያለው ቤታችን፣ እናቴ መስኮቱን ዘግታ የተኛችበት ክፍል ይታየኛል።

ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። እናቴ የማኅፀን በር ካንሰር ተገኝቶባት፣ አዲስ አበባ የጨረር ሕክምና ጨርሳ የተመለሰች ሰሞን ነው። ላስረዳችሁ፤ ካላስረዳሁ አያስችለኝም። ጨረሩ የሚያርፈው ከእምብርት በታች ነው። ዕጢውን ሲያቃጥል አጠገቡ ያሉትን አንጀትና ፊኛም ይነካል። ስለዚህ ሕክምናው ካለቀ በኋላም ሰው ለወራት ሊደክመው ይችላል፤ ሽንት ያቃጥለዋል፤ ሆዱ ከመጣበት ደግሞ ጊዜ አይሰጠውም። ነርሷ ይህን ሁሉ ነግራት፣ ቀስ እያለ ይሻላል፣ ክትትልሽን ብቻ አታቋርጪ ብላታለች። እናቴ ከዚያ ሁሉ ንግግር ይዛ የመጣችው «ይሻላል» የምትለዋን ነበር።

ሰፈሩ የጠበቃት ግን በሌላ ፊት ነው። የቅርብ ጎረቤታችን ጨረሩ ይጋባል ብላ ሕፃኗን ከእናቴ ክንድ ነጥቃ ወሰደች። ሄጄ አስረዳኋት። ጨረሩ ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ እንደሚጠፋ፣ ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝና፣ የወለደችሽ እናትሽ ናት ወይስ ሐኪም ቤቱ ብላ ሳቀችብኝ። ቤት ስመለስ እናቴ ደግሞ እኔን ተቆጣች።

«ላልጠየቀሽ ሰው አታስረጂ» አለችኝ። «ከጠላችኝ በደንብ ትጥላኝ።»

ታኅሣሥ ሊገባ ሲል የማኅበሯ ሴቶች ሊጠይቋት መጡ። እናቴና ያቺ ጎረቤታችን የአንድ ማርያም ማኅበርተኞች ናቸው። በየወሩ በሃያ አንድ አንዷ ቤት ይሰበሰባሉ። ጸሎት ተደርሶ፣ ተበልቶ ተጠጥቶ ሲያበቃ ባለተራዋ ጽዋውን ለቀጣይዋ ታስረክባለች። አሥራ ሁለት ስለሆኑ ተራ የሚደርሰው በዓመት አንዴ ነው። የእናቴ ሰኔ ነበር። የማኅበሩን ሥርዓት የሚጠብቁትን ሴት ሙሴ ይሏቸዋል። የእኛዎቹ ሙሴ ጠና ያሉ፣ ፊታቸው የማይፈታ ሴት ነበሩ፤ ከእናቴ ጋር ድሮም አይዋደዱም።

ሙሴዋ ነጠላቸውን አስተካክለው ተናገሩ። ተመካክረናል አሉ። የታኅሣሥ ባለተራ ወሯን ልትለቅልሽ ፈቅዳለች፤ ጠላውንም ዳቦውንም እኛ እናዘጋጃለን፤ አንቺ አልጋሽ ላይ ሆነሽ በረከቱን ብቻ ተቀበዪ አሉ። ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንዷ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። እኔ ደግነት መስሎኝ ላመሰግን አፌን ስከፍት የእናቴን ፊት አየሁ።

«ለምን ታኅሣሥ?» አለች።

«ቀድመሽ ብታገኚው ምን አለበት?»

«ሰኔ ድረስ አትቆይም ብላችሁ ነው?»

ጎረቤታችን ያዘለቻት ሕፃን ብቻ ታለቅሳለች።

«ሰኔ የእኔ ነው፣ እትዬ» አለች እናቴ። «ለመሆኑ እርስዎስ እስከዚያ ለመድረስዎ ማን ዋስ ሆነልዎ?»

ሙሴዋ ተነሡ። «በሽታው ምላስሽን አልነካውም» ብለው ወጡ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው።

ከዚያ ወዲያ እናቴ መራመድ ጀመረች። መጀመሪያ እስከ አጥሩ በር፣ ሲሰነባብት እስከ አስፋልቱ፣ በኋላ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ። መንገድ የምትመርጠው በአጭርነቱ አልነበረም፤ ሽንት ቤቱን የማይከለክላት ሰው ባለበት በኩል ነበር። ጎረቤታችን የራሷን በቁልፍ ዘግታዋለች። አንዳንድ ቀን ሳትደርስ ይቀድማት ነበር። ያን ቀን ቀሚሷን ራሷ አጥባ አጥሩ ላይ፣ ጎረቤታችን በምታየው በኩል ታሰጣዋለች። እኔ በርበሬ ይቅርብሽ፣ ውኃ ጠጪ እያልኩ ስከተላት፣ ልጄ ነሽ ወይስ ዘበኛዬ ትለኛለች፤ ውኃውን ግን ትጠጣለች። መጋቢት ላይ ለክትትል ሄዳ ሐኪሙ ደኅና ነሽ ሲላት እንኳ ለሰፈሩ አልተናገረችም። ሰኔ ላይ ያዩታል አለች።

የሰኔ ማርያም ዕለት ዝናብ ነበር። ጠላውን ራሷ ጠምቃለች። የምስር ወጡን ስለማትቀምሰው እኔ እየቀመስኩ ጨውና በርበሬውን እነግራታለሁ። ሴቶቹ ሁሉም መጡ። አንዳንዶቹ እንጀራውን የሚነኩት በጣታቸው ጫፍ ነበር። ጎረቤታችን ጠላውን አፏን አስነክታ መልሳ አስቀመጠችው። ሙሴዋ በሩ አጠገብ ተቀምጠው፣ እናቴን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያዩ፣ የቀረበላቸውን ጨረሱ።

በመጨረሻ የንስሐ አባታችን ጽዋውን ባረኩና ሁላችንም ቆምን። እናቴ ልታነሣው እጇን ዘርግታ ድንገት ቀጥ አለች። ፊቷ ተለዋወጠ። ሆዷን ይዛ በጓሮ በር ወጣች።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እናቴ ቆየች። አባን ሌላ ቤት ይጠብቃቸው ነበርና ወደ እኔ ዞረው፣ ልጅቱ ታስረክብላት አሉ። ጎረቤታችን አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። የሐምሌ ባለተራ ለመቀበል እጇን ዘረጋች። እኔም ጽዋውን ላነሣ ጎንበስ አልኩ።

«ተዪው» አሉ ሙሴዋ። «ባለተራዋ አልሞተችም፤ ጓሮ ናት። እንጠብቃታለን።»

አንዷ ልትቀመጥ ስትል በዓይናቸው አስነሧት። አባም ቆሙ። ቤቱ እርጥብ ነጠላና ጌሾ ይሸታል፤ የሳቀችውም ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። ሙሴዋ ዛሬ በሕይወት የሉም። እስኪያርፉ ድረስም ከእናቴ ጋር አልተዋደዱም። ያን ዕለት ግን በሩን ተደግፈው፣ ከሁላችንም ቀጥ ብለው ቆመው ነበር።

እናቴ ስትገባ እጇ እስከ ክርኗ ርሷል። ሁላችንንም ቆመን ስታየን ደነገጠች።

«ምን ገተራችሁ?» አለች።

«አንቺ ነሻ» አሉ ሙሴዋ። «በይ አስረክቢና ወደየቤታችን እንሂድ።»

እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ጽዋውን አነሣች። ለሙሴዋ መልስ ሳትሰጥ ስትቀር ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።