ሽቦው ላይ የቆየችው አይጥ

ካዶዋኪ ሺዙኤ ዮናጎ ከተማ በሚገኘው ቤተ ሙከራችን አይጦችን ትንከባከባለች። ቀድሞ ወደቡ አጠገብ ሸርጣን በሚያሽግ ፋብሪካ ትሠራ ነበር፤ እሱ ሲዘጋ ሰው እንደምንፈልግ ሰምታ መጣች። አይጥ ትፈራ እንደሆነ ስንጠይቃት ከሸርጣን ጥፍር አይብስም ብላ አሳቀችን።

ኖሪዮ የሚባል ታናሽ ወንድም እንዳላት ግን ለማናችንም አልነገረችም። ከልጅነቱ ጀምሮ ጡንቻን እየበላ የሚጨርስ በሽታ ይዞት ነበር፤ የሚውለው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነበር። ወላጆቻቸው ካረፉ ወዲህ የምታጎርሰውም የምታጥበውም እሷ ነበረች። እኛ የምንሠራው በዚሁ በሽታ ላይ መሆኑን ያወቀችው ከተቀጠረች በኋላ ነው።

በሽታው የሚመጣው አንድ ጂን፣ ማለትም ዘረ መል፣ ሲበላሽ ነው። ጤነኛውን እንዳናስገባ ጂኑ በጣም ረጅም ነው፤ ሌሎች ጂኖችን ተሸክመው የሚገቡት ቫይረሶች እሱን ሙሉውን አይችሉትም። ስለዚህ የእኛ ሰዎች ጂኑን እንዳለ የሚሸከም ትንሽ ክሮሞዞም፣ ማለትም ጂኖች የሚደረደሩበት ክር፣ ሠሩ። አይጧ ውስጥ ከገባ በኋላ ከራሷ ክሮሞዞሞች ጎን ለብቻው ይኖራል፤ ከእናት ወደ ልጅም ይተላለፋል።

መሥራቱን የምናየው አይጦቹን ቀጭን ሽቦ ላይ አንጠልጥለን ነው። የታመሙት ወዲያው ይወድቃሉ። ክሮሞዞሙን የያዘችውን የመጀመሪያዋን አይጥ ሺዙኤ አምጥታ ለተመራማሪዋ ለዶክተር ኢኩታ ሰጠቻት። አይጧ ተንጠለጠለች፤ ቆየች፤ ጭራሽ የኋላ እግሯን ሽቦው ላይ ጠምጥማ ወደ ዳር መሄድ ጀመረች። ሁላችንም ስናጨበጭብ ሺዙኤ አልነበረችም። ሳጥኖቹ በሚታጠቡበት ክፍል አገኘኋት፤ የአፍ መሸፈኛዋ በእንባ ርሷል። ስለ ኖሪዮ የነገረችኝ ያን ጊዜ ነው።

ለእሱም እራት ስታጎርሰው የአይጧን ነገር ነገረችው። በደስታ ሰማትና ጠየቃት።

«አሁንስ አይጧ ምን እያደረገች ነው?»

ልትዋሸው ትችል ነበር። «የለችም» አለችው። «ጡንቻዋ መመርመር ነበረበት። ይዤ የሰጠኋቸውም እኔው ነኝ።»

ኖሪዮ ከቀረበለት ጉርሻ ፊቱን አዞረ። «እትዬ፣ እኔን ቢያንጠለጥሉኝስ?» አላት።

«አንተማ ሽቦውን ይዘኸው ትወርዳለህ። ትንሽ ቀንስ ስልህ መች ሰማኸኝ።»

ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን ኖሪዮ አንድ ነገር ለመናት። በየዓመቱ መኸር ላይ ከሕንፃው ጀርባ ባለው የመታሰቢያ ድንጋይ ፊት፣ ለሙከራ ለሞቱት እንስሳት አበባ እናስቀምጣለን። እዚያ ልሂድ አለ።

በዕለቱ ዘንቦ ስለነበር ወንበሩ ጭቃ ውስጥ ሰጠመ፤ እኔና ዶክተር ኢኩታ ተሸክመን አወጣነው። እጁ አልታዘዝ ሲለው ሺዙኤ ከታች ደግፋ አነሳችለት፤ ነጩን አበባ አብረው አስቀመጡት። ከዚያ ወደ ዶክተሯ ዞረ።

«ሕክምናው ለእኔ ይደርሳል?»

ዶክተር ኢኩታ ወንበሩ አጠገብ ቁጢጥ አለች። «አይመስለኝም፣ አቶ ኖሪዮ። ለእርስዎ የሚደርስ አይመስለኝም።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አላት። «ሌላው ሰው ሁሉ በርታ ብቻ ነው የሚለኝ።»

ሺዙኤ ፊቷን ወደ ዳይሰን ተራራ አዙራ ቆመች። ማናችንም ቶሎ እንሂድ አላልንም።

ኖሪዮ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም፤ ልቡ ደከመና በክረምቱ በረዶ መሐል አረፈ። ከቀብር መልስ ሺዙኤን ቀለል ወዳለ ሥራ ልናዛውራት አሰብን። እሷ ግን «አይጦቹ ኀዘን ላይ መሆኔን አያውቁም፣ ይርባቸዋል» ብላ ልብሷን ቀየረችና ገባች።

ዛሬ ጠዋት ክሮሞዞሙን ከያዙት አይጦች አንዷ ወልዳለች። ሺዙኤ ኮሪደሩ ላይ ቆማ፣ እናቲቱ እያጠባች ስለሆነ ድምፃችሁን ቀንሱ እያለች የሚያልፈውን ሁሉ ትቆጣለች።