ኬላው የተዘጋ ዕለት

የድልድዩን ኬላ የሚጠብቁት ሰውዬ በነጋዴው ዘንድ ስማቸው «አባ ወረቀት» ነበር። ሞት ራሱ ቢመጣ «ወረቀትህ የታለ?» ሳይሉ አያሳልፉትም እየተባለ ይቀለድባቸዋል። እሳቸውም ይስቃሉ እንጂ አይቆጡም። ጸጉራቸው የሸበተው እዚያው ብረት በር ሥር ነው። አንዲት ልጃቸው ከወንዙ ማዶ ካለው አገር ሰው አግብታ፣ በየጊዜው እየተሻገረች እሳቸውንና እናቷን ትጠይቅ ነበር።

አንድ ማለዳ ሻይ ፉት እያሉ ሳለ ምድር ተንቀጠቀጠች። የጥበቃ ቤቱ ቆርቆሮ ተንኳኳ፤ ብርጭቆው ከጠረጴዛው ወድቆ ተከሰከሰ። የተፈጥሮ ርዕደ መሬት መስሏቸው ሮጠው ወጡ። ኋላ ግን ራዲዮው ጉዱን አወራ። የማዶው መንግሥት ተው ቢባል አሻፈረኝ ብሎ፣ ተራራ ሥር ለሙከራ የኑክሌር ቦምብ አፈንድቶ ኖሯል። ይባስ ብሎም እደግመዋለሁ እያለ ይፎክራል። የአካባቢው አገሮች ተራ በተራ አወገዙ፤ አንዱ አምባሳደሩን ጠራ፣ ሌላው ጦሩን ወደ ድንበር አስጠጋ። ለአባ ወረቀትም ትእዛዝ ደረሳቸው፤ ማዶ ያሉ ዜጎች እስኪመሽ ይግቡ፣ ሌላ ሰው እንዳያልፍ፣ ከዚያ በሩ ይቆለፍ ተባለ።

ልጃቸው ጋ ደወሉ። «እመጣለሁ» አለችና መስመሩ ተቋረጠ።

ድልድዩ ጠጠር መጣያ አጣ። ፍራሽ የተሸከመ አለ፣ እናቱን ያዘለ አለ። ነፋሱ መርዝ ይዟል የሚል ወሬ ስለተነዛ ሰው ሁሉ አፍና አፍንጫውን በጨርቅ ሸፍኗል። አባ ወረቀት ወረቀት ያለውን ያስገባሉ፣ የሌለውን ይመልሳሉ፤ ዓይናቸው ግን ከማዶ አልተነቀለም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልጃቸው ትንሿን ልጇን ታቅፋ ብቅ አለች። ሻንጣ አልያዘችም።

«አባዬ፣ እሷን ተቀበለኝ» አለች። «እኔ እመለሳለሁ።»

ባሏን ለውትድርና እንደወሰዱት፣ አማቷ ከአልጋ እንደማትነሳ፣ ውሃ የሚያቀብላት ሰው እንኳ እንደሌለ በጥድፊያ ነገረቻቸው። እሳቸው የሚሰሙም አይመስሉ፤ ክንዷን ጨብጠው ወደ ውስጥ ሳቧት። በሩን ቢዘጉት ነገሩ ያበቃለት ነበር።

«ብትዘጋብኝ ልጅህን ታተርፋለህ» አለች ሳትታገላቸው። «እኔ ግን ያቺን ሴት ጥዬ ሰው አልሆንም።»

እጃቸው ላላ። ሕፃኗን ተቀበሉ። እሷም ዞር ብላ ሳታይ በመጣችበት ተመለሰች።

የኬላው አለቃ በዕድሜ ልጃቸው የሚሆን ሰው ነው። ቀረብ ብሎ፣ «የእሷስ ወረቀት?» አላቸው። ሕፃኗ የተወለደችው ማዶ ስለሆነ የዚህ አገር ወረቀት የላትም።

«ወረቀቷ እኔ ነኝ።»

አለቃው ፊቱን አዞረ። በማግስቱ ግን ለበላይ አሳወቀ፤ አባ ወረቀትም ከኬላው ተነሥተው የመጋዘን ዘበኛ ሆኑ። በዚህ አላዘኑም። ያንገበገባቸው፣ የዚያን ዕለት ወረቀት የላችሁም ብለው የመለሷቸው ሰዎች ፊት ነበር።

ክረምት ገባ፣ ክረምት ወጣ፤ ሕፃኗ በእግሯ ሄደች፣ አፏንም ፈታች። ማዶ ስልክ አይሠራም። ምድር አንድ ጊዜ ደግማ ተንቀጠቀጠች፤ ባለቤታቸው ሕፃኗን ይዘው ጠረጴዛ ሥር ተሸሸጉ። ከብዙ ድርድር በኋላ በሩ ገርበብ ሲል፣ ልጃቸው አማቷን ቀብራ፣ ከስታና ጠቁራ መጣች። የባሏ ወሬ የለም።

ሕፃኗ ከአባ ወረቀት እግር ኋላ ተደበቀች።

«ማናት?» ብላ በሹክሹክታ ጠየቀቻቸው።

እናትየዋ ሰማች። አላለቀሰችም፣ አልተጠጋችም። እዚያው መንገዱ ዳር ቁጢጥ ብላ፣ ልጅቷ ራሷ እስክትመጣ ጠበቀች።