የቡኮቶ ቁልቁለት

ዛሬ ጠዋት ሰፈራችን ቡኮቶ፣ ቁልቁለቱ ላይ የብስክሌት ፍሬን ሲጮህ ሰምቼ ክው አልኩ።

ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። በዚሁ ቁልቁለት በብስክሌት እየበረርኩ ስወርድ ማቶኬ የሚባለውን የሚቀቀል ሙዝ የተሸከሙ አንዲት ሴትዮ ከኋላ ገጨሁና ዞር ብዬ እንኳ ሳላይ አመለጥኩ። ቤት ስደርስ እያለቀስኩ ለአባዬ ነገርኩት። ምግብ ቤታችንን ዘጋና፣ “ነይ፣ ይቅርታ ትጠይቂያቸዋለሽ” አለኝ።

ብስክሌቱን እየገፋን ተመለስን። ሙዙ አስፋልቱ ላይ ተጨፍልቋል፤ ሴትዮዋ የሉም።

“እያነከሱ ነበር፤ ቦዳ ሞተር አሳፍሮ ወሰዳቸው” አለን መንገዱ ዳር ያለ ባለሱቅ። ወዴት እንደወሰዳቸው አላወቀም።

አባዬ የብስክሌቱን ደወል ነካ አድርጎ፣ “ይሄ ደወል ሰው እንዲሸሽልሽ አይደለም፤ መምጣትሽን እንዲያውቅ ነው። ካልሰማ አንቺ ትቆሚያለሽ” አለኝ።

እስከ ማታ ሰፈሩን ብንጠይቅም አላገኘናቸውም።

ዛሬም የሚያነክሱ ሴት ባለፉ ቁጥር ፊታቸውን አያለሁ። ያኔ ያየሁት ግን ጀርባቸውን ብቻ ነው።