የቤተልሔሙ ሲድሆምና የጾም ሐላዋ

ሲድሆም የመንደራችን የቅብጥ ቤተ ክርስቲያን ኅብስት ጋጋሪ ነው። ቅዳሴ ባለበት ቀን ሁሉ፣ ሰው ሳይነሳ ቤተልሔም ይገባና መዝሙረ ዳዊቱን በቃሉ እየደገመ ያቦካል፤ ማኅተሙን ያሳርፍና ከምድጃው ፊት ቆሞ ይጋግራል። ሥራውን የወረሰው ከአባቱ ነው። በተረፈው ጊዜ በኢብራሂሚያ ቦይ ዳር ባለችው ቁራሽ መሬቱ ላይ ይውላል። ሰው ግን ገበሬው አይለውም፤ «የቤተልሔሙ ሲድሆም» ነው የሚለው። እሱም ሌላ ስም አይፈልግም።

ቤተልሔም በጫማ አይገባም። ሲድሆም ደግሞ የስኳር ሕመም ከያዘው ቆይቷል፤ እግሩም ደንዝዟል። በኅዳር ማለቂያ አንድ ማለዳ ፍም ረግጦ ሳይሰማው ቀረ። ያወቀችው ሚስቱ ኢንሳፍ ናት፣ ማታ ካልሲው ከጣቱ ጋር ተጣብቆ አልወልቅ ሲል።

የመንደሩ ሐኪም ኔርሚን እዚሁ ያደገች ልጅ ናት። ቁስሉን እያጠበች ጠየቀችው።

«አጎቴ ሲድሆም፣ መድኃኒቱን ይወስዳሉ?»

«አንድም ቀን አላቋረጥኩም።»

«ታዲያ ስኳርዎ ምነው እንዲህ ወጣ?»

«እኔንስ የገረመኝ እሱ አይደል! የነቢያት ጾም ላይ ነን የኔ ልጅ። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ አይብ የለ። ምን በልቼ ይወጣል?»

ኔርሚን አልሸፋፈነችለትም። ስኳሩ ካልወረደ ቁስሉ አይድንም፤ ካልዳነ ጣቱ ይቆረጣል፤ ከጣቱም ሊያልፍ ይችላል። እስኪድን ድረስም ምድጃ ፊት መቆም የለም።

ኢንሳፍ ደግፋ ወደ ቤት መለሰችው። በር ላይ ሲደርሱ ሲድሆም፣ «ያለ እግር ሰው ይኖራል። ኅብስት ግን ተቀምጠው አይጋግሩትም» አላት።

ከዚያ ወዲያ ዲያቆናቱ ተራ ገብተው ይጋግሩ ጀመር። የመጀመሪያው ቀን ኅብስት ጥርስ የሚሰብር ነበር፤ የሁለተኛው ቀን መሐሉ ሊጥ ነው። ምእመኑ «ሲድሆምን ይማርልን» እያለ ይጸልያል፤ ግማሹ ለሱ፣ ግማሹ ለጥርሱ። ሲድሆም ግን አልሳቀም። ተቀይሞ ነበር፤ የተቀየመውም ሰውን አልነበረም።

የቤተ ክርስቲያናችን ቄስ አቡና ዩስጦስ ሊጠይቁት ሲመጡ ሳይደብቅ አወጣው።

«አቡና፣ እየጾምኩለት እግሬን ይወስድብኛል?»

«ትናንት ምን በላህ?» አሉት።

«የጾም ምግብ ነዋ።»

«ስሙን ንገረኝ።»

ሲድሆም ጉሮሮውን ሲጠራርግ ኢንሳፍ ከወጥ ቤት ሆና ቀደመችው።

«እኔ ልንገርዎት አቡና! ጠዋት ሐላዋ በነጭ ዳቦ። ቀን መኮሮኒ፣ ከጎኑ የተጠበሰ ድንች። ማታ ዳቦ በማርማላታ። ሻዩንማ ይተዉት፤ ማንኪያ ያቆማል!»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሥጋ አለበት? ወተት አለበት?»

«የለበትም። አንተ ግን አለህበት!»

አቡና እስኪያስላቸው ሳቁ። «ሲድሆም፣ ከበሬውና ከላሚቱ ጾመሃል፤ ከስኳሩ አልጾምክም። ብቻህን አይደለህም፣ እኔም ሐላዋ ሳይ እጄ አያርፍም። ለመሆኑ እናትህ በታኅሣሥ ምን ነበር የምታበላችሁ?»

«ኹቤዛ። ከቦዩ ዳር ቅጠሉን ለቅማ፣ በነጭ ሽንኩርትና በድንብላል።»

«እና ቦዩ ደረቀ?»

ይህ የሲድሆም ብቻ ስህተት አይደለም። ከዓመቱ የሚበዛውን ቀን የምንጾም ሰዎች ነን፤ አንድ ነገር «የጾም ነው» ከተባለ ሊጎዳ የሚችል አይመስለንም። ሱቆቹም ያውቁናል፤ ጾም ሲገባ ከሰሊጥና ከስኳር የሚሠራውን ሐላዋ እስከ ጣሪያ ይደረድሩታል።

በማግስቱ ኢንሳፍ ዘንቢሏን ይዛ ቦይ ዳር ወረደች። እኔም ጎረቤቷ አብሬያት ለቀምኩ። ጤዛው እጅ ይቆርጣል፤ ቅጠሉ ግን ለምለም ነበር። ሲድሆም የመጀመሪያውን ቀን ሰሃኑን አይቶ፣ «ይሄንን ድሮ ለዳክዬ ነበር የምንሰጠው» አለ። ኢንሳፍም፣ «ዳክዬዎቹ ሲያነክሱ አይተህ ታውቃለህ?» አለችው። በላ።

ጥምቀት ደረሰ። በጥምቀት ቁልቃስ የማይበላ ቤት የለም፤ ከመሬት የሚወጣ ሥር ነው፣ ከቆስጣ ጋር ይሠራል። ድንች ድንች ስለሚል ኢንሳፍ ለሱ ጥቂት ብቻ ጨልፋ ሰሃኑን በቆስጣ ሞላችው።

«በጥምቀት ቁልቃስ ያልበላ ያለ ጭንቅላት ያነጋል ሲባል አልሰማሽም?» አላት።

«ጭንቅላቱስ ድሮም አልነበረህም። እኔ የምጠብቀው እግርህን ነው።»

ዐቢይ ጾም ሲገባ ገበያው በራሱ ጊዜ ኢንሳፍን ረዳት። መጋቢት ሲገባ ዘንቢልህን ይዘህ ማሳ ግባ ይባላል፤ እውነትም ሰላጣው፣ ለጋ ሽንኩርቱ፣ ከነሐረጉ የሚሸጠው እሸት ሽምብራ መንገዱን ሞልቶት ነበር። በሰሙነ ሕማማት የባቄላ በቆልት በሎሚና በከሙን ቀቀለችለት። ሲድሆም የነጭ ዳቦውን ነገር ትቶ ከነገለባው ከተፈጨ ስንዴ የተጋገረ ይበላ ጀመር። ኔርሚን በለካችው ቁጥር ስኳሩ ወርዶ ይገኛል፤ ቁስሉም ከዳር ዳር መጥበብ ያዘ።

ከዚያ ትንሣኤ መጣ። እህቱ ሚንያ ከተማ ሆና ስኳር የተነሰነሰበት ብስኩት በትልቅ ቆርቆሮ ላከች። «በዓል ነው» አለና አንዱን ቀመሰ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር አብሮ ቀመሰ። ሳምንቱ ሳያልቅ ቁስሉ መግል ቋጠረ።

ኢንሳፍ ያን ቀን አልተቆጣችም፤ ተቀምጣ አለቀሰች። ሲድሆም ሚስቱን ስታለቅስ ያያት ስትወልድ ብቻ ነበር። ቆርቆሮውን ይዞ እያነከሰ በየቤቱ ዞረና አከፋፈለው። እኔ በር ላይ ሲደርስ፣ «ጾሙን ችዬ በዓሉ ጣለኝ» አለኝ። ብስኩቱን ተቀበልኩት።

ሰኔ የሐዋርያትን ጾም ይዞ ሲገባ ለወጥ የሚሆነው ቅጠል፣ ሙሉኺያው፣ ደርሶ ነበር። ኢንሳፍ ቅጠሉን ትቀነጥሳለች፣ ሲድሆም አጠገቧ ተቀምጦ ይከትፋል፤ የቢላዋው ድምፅ እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። ባሚያውን ከራሱ ማሳ ለቀመ። ሐብሐብ ሲቀርብ፣ «ይቺ ቁራጭ ናት ወይስ ወረቀት?» ብሎ ይነጫነጫል፤ ሁለተኛ ግን አልጠየቀም። መድኃኒቱን በሰዓቱ፣ ፋሻውን በየቀኑ። በፍልሰታ ቁስሉ ጠገገ።

ኔርሚን እግሩን አገላብጣ አየችና፣ «መቆም ይችላሉ። ባዶ እግርዎን ግን በፍጹም» አለችው። የሲድሆም ፊት እንደገና ጠቆረ፤ አባቱ በጫማ ገብቶ አያውቅም። ነገሩን የፈቱት አቡና ናቸው። ነጭ የተሸፈነ ጫማ ገዝተው ጸለዩበትና፣ «ይሄ ከቤተልሔም ደጅ አይወጣም፤ እግዚአብሔር እግርህን የመለሰልህ ደግመህ እንድታቃጥለው አይደለም» አሉት።

በመስከረም አንድ ማለዳ የኅብስቱ ሽታ መንደሩን ቀሰቀሰው። ከቅዳሴ በኋላ ሲድሆም በር ላይ ቆሞ ትኩስ ትኩሱን አደለን፤ ከላይ ወዝ ያለው፣ ከውስጥ ለስላሳ። አንዲት አሮጊት እጁን ይዘው፣ «ጥርሴን መለስክልኝ» አሉት። ሴቶቹ ለአዲስ ዓመት እንደ ልማዳችን ቀይ ተምርና ዘይቱን አዙረው ነበር። ሲድሆም እጁን ወደ ተምሩ ሲሰድ ኢንሳፍ ከሴቶቹ መሐል በልጃቸው ስም ጠርታው ጮኸች።

«የናሲፍ አባት! አንድ ብቻ!»

«አንድ ነው ያነሳሁት» አለ ሲድሆም። «ትልቁን መምረጥ ግን ማንም አልከለከለኝም።»

ፍሬውን ከፍሎ ግማሹን ለእሷ ሰጣት፤ የቀረውን ቀስ እያለ አኘከ። ከዚያ ለነገው ቅዳሴ ዱቄት ሊነፋ ወደ ቤተልሔም ተመለሰ።