የአባቴ መኪና ውስጥ የነበሩት አምስት ነጥቦች

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሞጣ ላይ፣ ከአባቴ አሮጌ መኪና ስክሪን ጋር ተፋጥጬ ተቀምጫለሁ... አርባ አንድ ፐርሰንት ላይ ተገትሮ አልነቃነቅ ብሏል።

መኪናዋ ከዱባይ የመጣች ናት። አብሯት የተሰራ የመንገድ ካርታ አላት፤ ግን የዱባይን አደባባይ ሁሉ ስታውቅ የእኛን አገር ጭራሽ አታውቅም። ከቢቸና ሞጣ ስንሄድ ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት ባዶ ሜዳ ላይ ብቻዋን ትንከራተታለች። አባቴ ማሽኑ ውስጥ ሆና መንገድ በምትናገረው ሴትዮ ሁሌም ይቀልድ ነበር። «ይች ሴትዮ ቢቸናን ሳታውቅ ለእኔ መንገድ ልታሳይ?» ይላል።

አባቴ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። መኪናዋን አሁን የምይዛት እኔ ነኝ። የምሠራው ሞጣ ነው፤ እናቴን ለማየት በየአስራ አምስት ቀኑ ቢቸና እሄዳለሁ። እና ምን አሰብኩ... ለሙት ዓመቱ ቢቸናን የሚያውቅ ካርታ አስጭኜ ብሄድ እማዬ ደስ አይላትም?

ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግነው ጓደኛዬ ይበልጣል አዲሱን ካርታ በሚሞሪ ካርድ አምጥቶ ጫነው። አርባ አንድ ላይ ቆመ። አጥፍተን አበራነው... አርባ አንድ። ባትሪው ደክሞ ይሆናል ብለን ሞተር አስነስተን ሞከርን... አሁንም አርባ አንድ። ይበልጣል ካርዱን በሸሚዙ ጠርጎ መልሶ ሰካው። የባትሪውን ካቦ ነቅለን ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። በመጨረሻ ስክሪኑ በእንግሊዝኛ አንድ ጥያቄ አወጣ።

«ሁሉንም አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጀምር ወይ ነው የሚለው» አለ ይበልጣል። «አባትህ የመዘገባቸው አምስት ቦታዎች አሉ፤ እነሱም አብረው ይሄዳሉ።»

አየኋቸው። አምስት ነጥቦች ናቸው። የስም ቦታቸው ባዶ ነው፤ ከጎናቸው አንድ ትንሽ የድምፅ ማጉያ ምልክት ብቻ አለች። አባቴ ሲነካካ በስህተት የተመዘገቡ መሰለኝ።

«ይጥፉ» አልኩት። ለአንድ ሰከንድ እንኳን አላሰብኩም።

መቶ ገባ! ሞጣ ከነመንገዷ ስክሪኑ ላይ ስትወጣ ሁለታችንም እንደ ሕፃን ጨፈርን።

እሁድ ረፋድ ላይ ቢቸና ደረስኩ። ደብረ ወርቅን ሳልፍ ካርታው ስሟን ጽፎ ሳየው ብቻዬን ስስቅ ነበር። እማዬ እንደ ልማዷ ግቢ ውስጥ ጠበቀችኝና ገና ሳልወርድ እጇን ዘረጋች።

«ቁልፉን አምጣ፣ አቧራውን ልጥረግልህ።»

ሁሌም እንዲህ ናት። እኔ ምሳ ስበላ እሷ ጨርቅ ይዛ መኪናው ውስጥ ትቆያለች። ጽዳት አበዛች እያልኩ እስቅባት ነበር። ያን ዕለት ግን ቶሎ ተመለሰች። ጨርቁን አቧራ እንኳን አልነካውም።

«አባትህን የት አደረስከው?» አለችኝ።

የጠቀለልኩት እንጀራ እጄ ላይ ቀረ። ሀዘኑ ጭንቅላቷን ነካው ብዬ ነው መጀመሪያ የደነገጥኩት። «እማዬ... አባዬ እኮ...»

«መሞቱንማ አውቃለሁ! ከአጠገቡ ማን ነበረና! መኪናው ውስጥ ያለውን ነው የምልህ... ስነካው የሚናገረውን።»

ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ማሽኑ የአማርኛ ፊደል የለውም። አባቴ ደግሞ እንግሊዝኛ አይጽፍም። ስለዚህ የሚወዳቸው ቦታዎች ላይ መኪናዋን እያቆመ፣ ነጥቡን መዝግቦ፣ ስሙን በገዛ ድምፁ ቀድቶታል። እሷንም አጠገቡ አስቀምጦ እንዴት እንደሚከፈት አሳይቷታል። እሱ ካረፈ ጀምሮ መኪናዋን ይዤ በመጣሁ ቁጥር ቁልፉን ዞር አድርጋ የመጀመሪያዋን ነጥብ ትነካለች... አባቴ መጀመሪያ ይስላል፣ ከዚያ «ቤት» ይላል። ዓመት ሙሉ ስትሰማ የከረመችው ያቺን ነው።

አባቴ ቪዲዮ ሲነሳ ዝም የሚል ሰው ነበር። ስልኩም ያቺው ባለቁልፏ ነበረች። ድምፁ ያለበት ሌላ ምንም ነገር የለንም። የነበረንን እኔ በአፌ «ይጥፉ» ብዬ አጠፋሁት።

እዚያው ሆኜ ለይበልጣል ደወልኩ።

«ይመለሳል?»

«አዲሱ ካርታ ላዩ ላይ ተጽፎበታል ወንድሜ። አይመለስም።»

አለቀስኩ። ለቀብሩ ያላለቀስኩትን ያህል አለቀስኩ። እማዬ አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በዚያው ጨርቅ ፊቴን ጠርጋ፣ «ድምፅህ እኮ የሱን ይመስላል፤ አንተ ቅዳልኝ በቃ» አለችኝ።

ግቢው ውስጥ ነጥቡን መዝግቤ «ቤት» አልኩ። ሰማችው። ደግማ ሰማችው።

«ትመስላለህ...» አለች፤ «ሳሉ ግን የለም።»

ልወጣ ስል የቀሩትን ጠየቅኳት። ሁለቱን ረስታቸዋለች። አንዱ ቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ «ማርያም» ይላል። አንዱ ግን ሞጣ ነው፤ እሱና እሷ የተከራየሁትን ቤት ሊያዩ የመጡ ጊዜ አባቴ ደጄ ላይ ቆሞ የቀዳው።

«ሞጣ ነው ያለው?» አልኳት።

«ኧረ የለም! ‹ልጄ ጋ› ነው ያለው።»

ያቺ ነጥብ ዓመት ሙሉ ከፊቴ ነበረች። አንድ ቀን እንኳን ነክቻት አላውቅም።

ትናንት ሞጣ፣ ደጄ ላይ አቁሜ ነጥቡን እንደገና መዘገብኩ። ማሽኑ ስሙን ተናገር ብሎ ጠበቀኝ... የስም ቦታውን ባዶ ትቼ ዘጋሁት። ካርታው አሁን አገሩን ሁሉ ያውቃል፤ የእኔን ቤት ግን «ልጄ ጋ» ብሎ የሚጠራልኝ ሰው የለም።